ሠላሳ ስድስት ቁጥር

ጫማ ሰሪው እግር አይቶ ቁጥር ይናገራል። ደንበኛ ገና ደጃፉን ሲረግጥ ቀና ብሎ ያይና «አርባ አንድ፤ ግራው ትንሽ ይሰፋል» ይላል። ሰውየው ይስቃል፣ ሜትር ይወጣል፣ አርባ አንድ ይሆናል፤ ግራውም ትንሽ ሰፋ ይላል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ልክ» ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራው ፖስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ከፖስታው ላይ እያነበበ።

ሱቁ እጁን ግራና ቀኝ ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካባት ጠባብ ክፍል ናት። አንድ በርጩማ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ከላይ እስከ ታች የተሰቀሉ ፎርማዎች፤ ማለትም ቆዳው እየተወጠረ የሚሰፋባቸው የእንጨት እግሮች። አብዛኞቹ በቁጥር የተደረደሩ፣ የማንም ያልሆኑ እግሮች ናቸው። ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለው አንድ ጥንድ ግን የሚስቱ ነው።

ሚስቱ በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ታኮዋ ተሰብሮ እያነከሰች ሱቁ ስትገባ፣ ጫማ ሰሪው እግሯን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር መናገር ረሳ።

«ምነው? የኔ እግር ቁጥር የለውም እንዴ?» አለችው።

«አለው። ሠላሳ ስድስት ነው። ግን…»

«ግን ምን?»

«ግን የመስኮት ነው።»

መስኮት ላይ ለዕይታ የሚቀመጥ ጫማ የሚለካበት፣ እንከን የሌለው እግር ነው ማለቱ ነበር። እሷም ይህን ቃል ዕድሜ ልኳን አልተወችውም። ሲኳረፉ ሳይቀር እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ «የመስኮቱን እግር እንዲህ ታስቀይማለህ?» ትለዋለች። በሠርጋቸው ዓመት ፎርማዋን በእጁ ቀረጸላት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው የሠራውን ጫማ ተጫምታ አታውቅም። በየሁለት ዓመቱ አንድ ጥንድ ይሠራላታል፤ ሲጨርስ ትንሿን የቁጥር ማኅተም ሶሉ ላይ አስደግፎ በመዶሻ ይመታታል። ሦስት። ስድስት።

የዛሬ ስምንት ዓመት ግን አዲሱ ጫማ ጠበባት። «አይ፣ ቆዳው ነው፤ ይለቃል» አለችው። እሱ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ልክ ስቶ አያውቅም። እንጨቱ ደርቆ ይሆናል ብሎ ፎርማዋ ላይ፣ በጣቶቹና በጎኑ በኩል፣ ስስ ቆዳ በማስቲሽ ለጠፈ። እንደ ልማዱም በቆዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፈ። ጫማውን እንደገና ሠራ። ልክ ሆነ። ሶሉ ላይ ሦስትና ስድስትን መታ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቆዳ ለጠፈ። ከዚያም ሌላ። በሦስተኛው ጊዜ እንጨቱ እንዳልደረቀ አውቋል። የሴት እግር ከወሊድ በኋላ፣ በዕድሜም ይሰፋል ሲሉ ሰምቷል፤ ይህም እንደዚያ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ቢነግራት ምን ይጠቅማታል? ቢሮ ውስጥ ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲለካኩ «እኔ እኮ ሠላሳ ስድስት ነኝ» የምትለው ነገር አላት። ማኅተሙን አንስቶ መታ። አራተኛውን ቆዳ ሲለጥፍ ምንም አላሰበም። የግራ አውራ ጣቱ በወስፌ ከመወጋት ብዛት ደንዝዞ ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው በጣቱ ብቻ ሳይሆን በሌላም ቦታ እንዲህ ሊደነዝዝ ይችላል።

ሌሎቹ ነገሮች እየተንጠባጠቡ ነበር የመጡት። ቀለበቷን «እጄ አብጧል» ብላ አውልቃ በስኒ ውስጥ አስቀመጠች። ስትጽፍ በአንድ ጣት ሁለት ፊደል መምታት ጀመረች። ጠዋት እጆቿ ደንዝዘው ይነቃሉ፤ እያራገፈች ታነቃቸዋለች። ራሷን ያማታል፣ ያልባታል፣ ታንኮራፋለች። የበሩን መቃን በትከሻዋ ትመታና «ይሄ በር ጠበበ እንዴ?» ትላለች። ጫማ ሰሪው ባለፈው ወር በሩን ሊያሰፋላት መጋዝ ተውሶ ነበር።

ያየችው ልጃቸው ናት። ሌላ ከተማ ታስተምራለች፤ ሁለት ዓመት ሳትመጣ ቆይታ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እናቷ ፊት ቆማ ቀረች።

«እማዬ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? አረጀ።»

«እርጅና አገጭ ያሳድጋል? አባዬ፣ አንተ አላየህም?»

«እኔ እግር ነው የማየው» አለ ጫማ ሰሪው። ሚስቱ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ሦስቱም ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደጅ ላይ ረጅም ወረፋ ይጠብቃታል፤ ቢሆንም ቀስ ብላ ጠየቀች። የደም ምርመራው ስኳር አሳየ።

«ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ከቆሽት ነው የሚመነጨው» አለች ሐኪሟ።

«የኔን ቆሽት ሲያሳርር የኖረው ይሄ ሰውዬ ነው፤ መድኃኒቱን ለሱ ይጻፉለት።»

ሐኪሟ ፈገግ አለችና የሚስቱን እጅ ይዛ ገለበጠችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አየች።

«የቀለበትዎ ምልክት አለ፤ ጠቦዎት ነው ያወለቁት። የጫማ ቁጥርዎስ? ተለውጦ ያውቃል?»

«የኔ? ኧረ በጭራሽ! ከሠርጌ ጀምሮ ሠላሳ ስድስት ነኝ። ይኸው ሰሪው አጠገቤ ተቀምጧል።» ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ሶሉን ገልብጣ አሳየች። «ያንብቡት።»

ሐኪሟ አነበበች። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ጫማ ሰሪው ጉልበቱን ያይ ነበር።

ሚስቱና ልጁ ቀድመው ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዘወር አለ።

«ዶክተር፣ ጫማውን ለምን ጠየቁ?»

«እንዲሁ ጠርጥሬ ነው። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ትንሽ ናት፣ ግን የሌሎቹ ዕጢዎች አለቃ ናት፤ በአንገት ያለውን ዕጢ፣ ከኩላሊት ላይ ያሉትን፣ የሴት እንቁላል ማምረቻውን፣ ሁሉንም እሷ ናት የምታዝዘው። የዕድገት ሆርሞንም ከእሷ ነው። እላይዋ ላይ እባጭ ሲወጣ ይህ ሆርሞን ከልኩ ያልፋል። ልጅ ቢሆን ቁመት ይጨምር ነበር። አዋቂ ግን ቁመት አይጨምርም፤ እጅና እግሩ፣ አገጩ ነው የሚያድገው። ቀስ ብሎ ስለሆነ ቤተሰብ አያስተውለውም። እኛ የምናውቀው በቀለበትና በጫማ ነው።»

«እና ቢያድግስ? እግር ቢያድግ ምን ችግር አለው?»

«እግሩ አይደለም ችግሩ። ከዕጢዋ በላይ የዐይን ነርቮች ያልፋሉ። እባጩ ካደገ ይጫናቸዋል። መጀመሪያ ግራና ቀኙን ማየት ያቅታል። ቆይቶም…»

«ቆይቶም?»

«ዐይን ይጠፋል። የባለቤትዎ ጫማ ግን አልተለወጠም፤ ቀለበቱ ትንሽ ውፍረት ቢሆን ነው። ስኳሯን እንቆጣጠር፤ ከስድስት ወር በኋላ ይዘዋት ይምጡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

እራት ላይ የውሃው ብርጭቆ ከሚስቱ ግራ ክንድ አጠገብ ነበር። አላየችውም፤ ክንዷ መታው፤ ውሃው ጠረጴዛውን አልብሶ እስከ እሱ ጉልበት ደረሰ። «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» አለች። ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ጫማ ሰሪው ውሃው በሱሪው ሲሰርግ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ብርዱ ዘግይቶ ነው የተሰማው።

በማግስቱ ሱቁን አልከፈተም። ማለት ከፈተውና ፎርማዋን ከሚስማሩ አውርዶ፣ በሽርጡ ጠቅልሎ፣ መልሶ ዘጋው። ክሊኒክ ወረፋ ያዘ። ተራው ሲደርስ ሐኪሟ ባዶውን ወንበር አየች።

«ባለቤትዎስ?»

ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ ፈታው። የቀኙን ፎርማ ይዞ፣ በጥፍሩ የላይኛውን ቆዳ ጫፍ ፈልጎ ሳበው። ማስቲሹ እየተንጣጣ ለቀቀ። ቆዳውን ገልብጦ ቀኑን አሳያትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛውን ሳበ። ሦስተኛውን። አራተኛውን። ከሥር ያ አሮጌ እንጨት፣ ትንሽና ጠይም ሆኖ፣ ወጣ።

«ሠላሳ ስድስት ይቺ ናት» አለ። «ሌላው እኔ የጨመርኩት ነው።»

ሐኪሟ ቆዳዎቹን በቅደም ተከተል ደረደረች። ቀኖቹን አነበበች። ምንም አልወቀሰችውም፤ ብትወቅሰው ግን ይሻለው ነበር። ስልኩን አንስታ ለጭንቅላት ምስል ምርመራ ቀጠሮ ያዘች፤ ለሆርሞን ምርመራ ሌላ ወረቀት ጻፈች። «ነገ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ ይዘዋት ይምጡ። ለምን እንደሆነ ግን እርስዎ ይንገሯት» አለችው።

ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ እንጨቱንና አራቱን ቆዳዎች አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺ ፎርማ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። እነዚህስ?»

«እነዚህም ያንቺ ናቸው።»

ነገራት። ከመጀመሪያው ቆዳ ጀምሮ፣ ሐኪሟ ያለችውን ጨምሮ፣ እስከ ነርቮቹ ድረስ። ለደንበኛ ስለ ጥገና እንደሚነግር ሰው፣ በአንድ ድምፅ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች።

«ስለዚህ ሠላሳ ዘጠኝ ነኝ ማለት ነው?» አለች ሚስቱ በመጨረሻ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።»

በዚያ ሰዓት እንኳ ግማሿን መተው አልቻለም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቅር እንዳይልሽ ብዬ» ሊል አዘጋጅቶ ነበር። «አላውቅም» አለ።

አራቱን ቆዳ አንዱን ባንዱ ላይ ደረበቻቸው፤ ጠርዛቸውን በጣቷ አስተካከለች። «አንተ ሰው» አለች፣ ሳትጮህ፣ «እግሬን ደብቀህ ዐይኔን ልታሳጣኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ተነስታ ድስቱን ጣደች። በበሩ ስታልፍ ትከሻዋን መቃኑ መታት፤ ይህን ጊዜ ግን ስለ በሩ አንድም ቃል አላለችም።

እባጩ የለውዝ ፍሬ ያህል ነበር። የቀዶ ጥገና ሐኪሞች በአፍንጫዋ በኩል ገብተው አወጡት። የቀኝ ጎን እይታዋ ተመለሰ። የግራው አልተመለሰም፤ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሁሉ ድንገት ነው የሚመጣባት። ዕጢዋ ስለተጎዳች ለሌሎቹ ዕጢዎች በደንብ ማዘዝ አቅቷታል፤ ሚስቱ በእሷ ፈንታ በየጠዋቱ ክኒን ትውጣለች። የእጇ እብጠት ጎደለና ቀለበቷ ከስኒው ወጣ። አጥንት ግን አንዴ ካደገ አይመለስም።

በነዚያ ወራት በሰላም ነው የኖሩት። «ብላ» ትለዋለች፤ ይበላል። «ክኒንሽን» ይላታል፤ ትውጣለች። ስለ መስኮት ግን አንስታ አታውቅም። ጫማ ሰሪው ይህ ቅጣት ይሁን መርሳት አላወቀም፤ ሊጠይቅም አልደፈረም። ደንበኛ ሲገባ ቁጥር መናገሩን ትቷል። ዝም ብሎ ሜትር ያወጣል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከቢሮ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች።

«ለካኝ።»

ለካት።

«ጮክ ብለህ ተናገር።»

«ሠላሳ ዘጠኝ።» ሜትሩን ጠቀለለ። «ተኩሏ ቀንሳለች። እብጠት ነበረች።»

ሳምንቱን ሙሉ አዲስ ፎርማ ቀረጸ፤ ምንም ያልተለጠፈበት። ጫማው ሲያልቅ ተመልሳ መጣች። ማኅተሙን ሲያነሳ በቀኙ በኩል ቆማ እጇን ዘረጋች፤ መዶሻውን ሰጣት። እሱ ሶሉን ጉልበቱ ላይ አደላድሎ፣ ሦስት ቁጥርን በግራ እጁ ቀጥ አድርጎ ያዘ።

«ጣትህን አርቅ። በዚያ በኩል አላይም» አለችው።

«ምቺ። አይሰማኝም።»

መዶሻውን እንዳነሳች ትንሽ ቆየች። ከዚያ መታች። ሦስቱ ቀጥ አለ። ዘጠኙን ስትመታ ግማሹ ምት ጣቱ ላይ አረፈ፤ ቁጥሩም ወደ ጎን ዘመመ። ከዚህ ሱቅ ቁጥሩ የዘመመ ጫማ ወጥቶ አያውቅም።

«ሳትኩ?» አለች።

ጫማ ሰሪው አውራ ጣቱን አየ። ጥፍሩ ሥር ደም እየቋጠረ ነው። ከሩቅ፣ ከጣቱ በጣም ዘልቆ፣ እስከ ክርኑ አንድ ነገር ተሰማው።

«አልሳትሽም» አለ፤ ጫማውንም አጎንብሶ እግሯ ላይ አጠለቀላት።