እስከ ውርጌሳ የያዝኩት ፊት

እኔ ስሜት ሲይዘኝ ልክ የለኝም። ደስ ካለኝ ዶርሙን በእልልታ አቀልጠዋለሁ፤ ከከፋኝ ያገኘሁትን እወረውራለሁ። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ጓደኛዬ፣ የውርጌሳዋ ልጅ፣ ስልክ ካላነሳችልኝማ አለቀልኝ። ተወችኝ ብዬ ሃያ ጊዜ እደውላለሁ፣ እሰድባታለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። የካምፓሱ አማካሪ ብዙ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አስሞልታኝ፣ ሰው ይተወኛል የሚለው ፍርሃትሽ በርትቷል ብላኛለች። ሲመጣብኝ ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ ቀስ ብዬ እንድተነፍስም አሳይታኛለች። እኔ እብዷ እንኳን ተረከዜን ምላሴንም መያዝ አቅቶኝ ነው የኖርኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወልድያ፣ ታጥቤ ስመለስ ሁለቱ የዶርም ልጆች ይንሾካሾካሉ። አንደኛዋ የጓደኛዬን ልብስ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ሲያዩኝ ቦርሳውን ወደ ኋላቸው ሸሸጉት። ጓደኛዬ ራሷ ላይብረሪ ነበረች። ዶርም ልትቀይር ነው፣ ከእኔ ልታመልጥ ነው፣ እነዚህም ተባብረውብኛል አልኩ። ቦርሳውን ነጥቄ ልብሱን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት፤ የማይባል ስድብም ተሳደብኩ።

አንደኛዋ በሩን ዘግታ የጓደኛዬ እናት ንጋት ላይ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ክው አልኩ። አጎቷ ለእነሱ ደውለው፣ ትንሽ አሟቸዋል ብላችሁ አምጧት፣ ቤት ሳትደርስ እንዳትሰማ ብለው ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ከእኔ የደበቁት ፊቴን ስለሚያውቁት ነው። ምን እላለሁ፣ እውነታቸውን ነው። ልብሱን አጣጥፌ መለስኩ።

ልቅር ብዬ ነበር፤ እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል የተባለችው ጓደኛዬ ግን ያለ እኔ አልሄድም አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱ ልጆች ከኋላ፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥን። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አንዲት እንባ ካመለጠችኝ እዚያው መኪና ውስጥ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሃል ልትሰማ ነው። ሲሪንቃን ያለፍነው መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነው። መርሳ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲሳፈር፣ ወደ እኔ ዞራ አፈጠጠችብኝ።

«እነሱ ይዋሹኛል። አንቺ ግን መደበቅ አትችይም። እማ ደህና ናት?»

ተረከዜን የመኪናው ወለል ላይ ተከልኩና ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ያ ያልታዘዘኝ ፊቴ ያን ቀን ታዘዘኝ።

«ደህና ናቸው።»

«ማርያምን በይ።»

እሷ ሙስሊም ናት፤ የእኔን መሐላ ግን ጠንቅቃ ታውቃለች።

«ማርያምን» አልኳት።

አመነችኝ። ፊቷ በራ። እናቷን ደሴ ወስዳ እንደምታሳክም፣ ሳምንቱን አብራቸው እንደምትሆን ስታወራልኝ አንጀቴን በላችው። እኔ ፈገግ እያልኩ እሰማታለሁ፤ ከራሴ ፈገግታ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

ውርጌሳ ወርደን ወደ ሰፈሯ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንታጠፍ የለቅሶው ድንኳን ታየ። ሰዎች ብድግ አሉ። ድንኳኑን አየችው፤ መልሳ እኔን አየችኝ።

«አንቺም?» አለችና እጄን ለቃ ሮጠች።