አባቴን የምታወጣ መኪና

የእሳት አደጋ ሠራተኛው በራችንን ሲያንኳኳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የእኔ የኦፍ ቀን። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ አጠገብ ካለው አፓርታማችን ጀርባ ሲቆፍሩ የሰነበቱ ሰዎች የጋዝ ቧንቧ በጥሰው ኖሯል። ሰውየው ምድጃ እንዳልለኩስ፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳልነካ፣ ሁላችንም አሁኑኑ ግቢውን ለቀን እንድንወጣ ነገረኝ። ስንት ደቂቃ እንዳለን ስጠይቀው ወደ ቀጣዩ በር እየሄደ ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄና አባቴ። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ስለሚነዳ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። አባቴን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አይታዘዘውም። የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ዊልቸር ነው፤ ወንበሩ የማይታጠፍ፣ ክብደቱም ከእኔና ከልጄ ተደምሮ የማያንስ ነው። ደጅ የቆመችው መኪናዬ ደግሞ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ሁለት ጆንያ ጤፍ ከጫነች ኋላዋ አይዘጋም።

የሚያናድደው፣ ሥራዬ ይኸው መሆኑ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ከቤት ወደ ኩላሊት እጥበት፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ሰው ከነወንበሩ በራምፕ፣ ከመኪናው በሚዘረጋው መወጣጫ፣ ማስገባት፣ የወንበሩን አራት ማሰሪያ ማጥበቅ፣ ማውረድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነገር ነው። የሌላውን ሰው አባት በሥርዓት ሳወጣና ሳገባ፣ የራሴን አባት በምን እንደማወጣው አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሌላ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መጣና አባቴን በብብቱ ይዞ፣ እኔ በእግሩ፣ ተሸክመን የመኪናዬ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ዊልቸሩ ሳሎን መሐል ቀረ። ልጄ የአያቷን መድኃኒት ፍለጋ ስትመለስ ሰዎቹ ከበር መለሷት። እንደዚያው ወጣን።

መንገዱ ማዶ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ አራት ሰዓት ቆየን። ጎረቤቶቻችን ሱቁ ውስጥ እየገቡ ውኃ ይጠጣሉ፣ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማሉ፣ ተመልሰው ጥላ ሥር ይቆማሉ። አባቴ ግን ያለ ወንበሩ ከመኪናው መውረድ አይችልም። የሥራ ቦታዬ ኮል ባደርግም መኪኖቹ በሙሉ በሽተኛ ይዘው ወጥተዋል። በሦስተኛው ሰዓት ላይ አባቴ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣

"መስኮቱን ክፈቺው" አለኝ።

ከፈትኩት። ምን እንደሆነ የገባኝ እርጥብ ሱሪውን ሳይ ነው። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች ሹራቧን አወለቀችና ሳታየው በትከሻው አሳልፋ ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት። አባቴ ሱሪው ካልተተኮሰ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው።

ማታ ቧንቧው ተጠግኖ ወደ ቤት ስንገባ ባለቤቴ ቀድሞን ደርሶ ነበር። የሆነውን ስነግረው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከዚያ በዚህ ሳምንት መኪና እንቀይራለን አለ። በዚህ ተስማማን። በምን እንደምንቀይር ግን አልተስማማንም።

ባለቤቴ ከዚያም በፊት ቢሆን ዓለም ሲያልቅ የሚነዳውን መኪና ስልኩ ላይ ሲያይ የሚያመሽ ሰው ነው። ጣራው ላይ ድንኳን የተከለ፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ፣ ፊቱ ላይ የብረት ገመድ የተጠመጠመለት ፒክአፕ። አሁን ምክንያት አገኘ። ጎማው እስከ ደረቴ የሚደርስ መኪና እያሳየ፣ ጎርፍም ይምጣ በረዶ ይህ የማይሻገረው ነገር የለም ይለኛል።

እኔ ደግሞ ኮሎምበስ ውስጥ ከምን እንደምንሸሽ ቁጭ ብለን እንቁጠር አልኩት። ቶርኔዶ ሲመጣ ሰው ምድር ቤት ይገባል እንጂ መኪና አይነዳም። በረሃ የለም፣ ተራራም የለም። የሚደርስብን ነገር የጋዝ ቧንቧ መበጠስ፣ እሳት፣ ለቀናት መብራት መጥፋት፣ ውኃ መሙላት ነው። መንገዱ ደግሞ አስፋልት ነው። የምንሄደውም ቢርቅ ቢርቅ ዴይተን፣ ዘመዶቻችን ቤት ነው። የጨነቀኝ ከቤት ወደ መኪና ያለችው አሥር እርምጃ እንጂ ከመኪናው ወዲያ ያለው መንገድ አልነበረም።

"አንቺ ሁሉንም ነገር በሽተኛ ማመላለስ ታደርጊዋለሽ" አለኝ።

"አዎ፣ የማውቀውን ነው የምናገረው" አልኩት።

አባቴ ክርክራችንን ሲሰማ ሰነበተ። በወጣትነቱ ከደሴ አሰብ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው የነዳ ሰው ነው። ስለ መኪና እሱ እያለ እኛ መጨቃጨቃችን ራሱ ነውር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ልናይ ስንወጣ አብሮን እንደሚሄድ ተናገረ። ከሥራ ቦታዬ የሚታጠፍ ዊልቸር ተዋስኩ፣ የእሱን ትልቁን ወንበር ስፋትና ቁመት ለክቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ልጄንም ይዘን ወጣን።

መጀመሪያ ፍራንክሊንተንን አልፎ ያለ መኪና መሸጫ ሄድን። ባለቤቴ የመረጠው ጥቁር ፒክአፕ እውነትም ግርማ ነበረው። አባቴ ሲያየው ፈገግ አለ፣ ሞተሩን አስነሱልኝ ብሎ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፣ ጤነኛ ነው አለ። ከዚያ ባለቤቴን ጠርቶ፣

"በል አሁን አውጣኝ" አለው።

ባለቤቴ ጠንካራ ሰው ነው። አባቴን ከወንበሩ አንሥቶ አቀፈው፤ የመኪናው ወንበር ግን ከሆዱ በላይ ነው። አንድ እግሩን መረገጫው ላይ አድርጎ ሊያስገባው ሲል የአባቴ ግራ ክንድ በሩ ላይ ተያዘ። ሻጩ ሊረዳ ሮጠ። ሁለት ሆነው ገፉት፣ አልሆነም፤ አባቴ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ መልሱኝ አላቸው። ሲያስቀምጡት ባለቤቴ ላብ በላብ ሆኗል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ" አለው።

"ልታየው ይገባ ነበር፣ አየኸው" አለ አባቴ።

ሁለተኛውን መኪና ለማየት በብሮድ ስትሪት ወደ ቤክስሊ ስንነዳ፣ የወንዙን ድልድይ እንዳለፍን አባቴ ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ። መንግሥት ሊለወጥ ሰሞን አሰብ ስንዴ ሊጭን ሄዶ ሳለ ከተማው ተበጠበጠ፤ ሰው ሁሉ የያዘውን ይዞ ይወጣ ጀመር። የእሱ መኪና ባዶ ነበር። ሰው በጎማው ተንጠላጥሎ፣ በጎኑ ተስቦ መጫኛው ላይ ወጣ። አንዲት አሮጊት መጣች፤ ዳሌዋን የታመመች፣ በዱላ የምትሄድ። ሁለት ወንዶች ከታች ገፏት፣ ሁለት ከላይ ሳቧት። ክንዷን ሲያማት ጮኸች፣ መልሱኝ አለች። ከኋላ ተኩስ ይሰማል። ላይ ያሉት ንዳ፣ ንዳ ይላሉ።

"መኪናዋ የማትወጣው ዳገት አልነበረም" አለ አባቴ። "ሴትየዋ ግን መኪናዋን መውጣት አልቻለችም። ነዳሁ።"

በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነበር። እናቴም ሳትሰማው እንደሞተች እርግጠኛ ነኝ። ባለቤቴ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። አባቴ የፊት መስኮቱን እያየ፣ ዓመታት ሙሉ ስለ እሷ ማን እንደሆነች፣ ማን እንዳነሣት ሲያስብ እንደኖረ፣ አንዳንዴም ጎኑ ላይ መሰላል ቢኖር ኖሮ እያለ እንደሚቆጭ ነገረን። ልጄ አያቷ ምን እንዳለ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ሁሉም አልገባትም ነበርና ቤት ስንገባ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት።

ቤክስሊ የጠበቀችን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ባሏ ሞቶባት የእሱን ሚኒቫን ትሸጣለች፤ ስለ መኪናዋ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መኪናዋ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወለሏ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ፣ ራምፗ በጎን በር በኩል የሚዘረጋ ናት። ወረቀቴን አውጥቼ ለካሁ። የአባቴ ወንበር ገብቶ አንድ ጣት ያህል ይተርፋል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው የአባቴ ነበር። ኦሃዮ ውስጥ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እንዲህ ዓይነት ዝቅ ያለ ወለል እንደሚበላ ስለነገርኩት፣ መሬት ተኝቼ ሆዷን በስልክ ፎቶ እንዳነሣ አዘዘኝ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጉልቶ አየ፤ ዝገቱ ጠርዙ ላይ እንጂ ወገቧ ላይ አልደረሰም። ዘይቷን አስወጥቶ በጣቱ አሸው። ከዚያ ራምፗ በምን እንደምትሠራ ጠየቀ። ሴትዮዋ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ፣ በእጅ ነው የሚሳበው፣ ባሌ ባለ ሞተሩን አይወድም ነበር አለችን።

"እንዲያውም የፈለግነው እሱን ነው" አለ አባቴ። "ባትሪ ሲሞት የማይከፈት በር ምን ይሠራል? ልጅቷ ትክፈተው።"

ልጄ ወደ በሩ ሄደች። ማሰሪያውን ፈልጋ ያዘች፣ ወደ ኋላ ተደገፈች፣ ራምፗ ተዘርግታ አስፋልቱ ላይ አረፈች። "ዛትስ ኢት?" አለች፣ በቃ ይኸው ነው ወይ ማለቷ ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ ያኔ ተወሰነ።

ባለቤቴ አንድ ነገር ተናገረ፤ ትክክልም ነበር። ይህቺ መኪና በረዶ ሲከመር ሆዷ ይጎተታል አለ። አባቴ አልተከራከረውም። ጥሩ የበረዶ ጎማ ይግባላት፣ አካፋና አሸዋ ኋላዋ ይቀመጥ፣ የአየር ትንበያው ሲከፋ ደግሞ በረዶው ሳይወርድ እንወጣለን አለ። ጎማውን የመረጠው፣ ያስገባውም ባለቤቴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋን ከእኔ በላይ የሚንከባከባት እሱ ሆነ፤ የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ይለካል።

ከቤት ፈጥኖ የመውጣት ልምምዱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሑድ ጠዋት ሳይታሰብ "ውጡ" እላለሁ፣ ልጄ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብን፤ ባለቤቴ ቁልፍ ሲፈልግ፣ እኔ ለአባቴ ካልሲ ሳጠልቅለት። ቁልፉ በር ላይ ተሰቀለ። የመድኃኒት ቦርሳ፣ ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ ቅያሪ ልብስና አባቴ መንገድ ላይ ሽንት የሚሸናበት ዕቃ መኪናው ውስጥ በቋሚነት ተቀመጡ። ነዳጅ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ተስማማን። በአራተኛው እሑድ ሰባት ደቂቃ ሆነ። አባቴ አንድ ማሰሪያ ላልቷል ብሎ እንደገና አስጀመረን።

በሐምሌ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ሰፈራችንን ኖርዝላንድን መብራት አሳጣ። በማግስቱ ጠዋት ቤቱ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ፍሪጅ ውስጥ የአባቴ የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑ፣ አለ፣ የወንበሩም ባትሪ ሊያልቅ ነው። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንጠብቅ ወይስ እንሂድ ይባባላሉ። እኛ አልተመካከርንም። ልጄ ራምፗን ሳበች፣ ባለቤቴ መድኃኒቱን በረዶ ውስጥ አድርጎ አመጣ፣ አባቴ በራሱ ወንበር በራሱ እጅ እየነዳ ገባ፣ እኔ አራቱን ማሰሪያ አጠበቅሁ። ሰዓት የያዘ ሰው አልነበረም፤ ከሰባት ደቂቃ ግን አልበለጠም።

ወደ ዴይተን በሚወስደው ሀይዌይ ግማሽ መንገድ ላይ ማረፊያ ቦታ አቆምን። አባቴ በራምፑ ወርዶ ብቻውን ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደ፤ ባለቤቴ እንደ አጋጣሚ የሚሄድ መስሎ ከኋላው ተከተለው። ሲመለሱ ፊቱን ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ነበር። ዛፍ ሥር ወንበሩ ላይ ሆኖ ሰገደ። እኔ መኪናዋን ተደግፌ አየሁት። ልክ እንደሆንኩ ከመጀመሪያው ዐውቅ ነበር፤ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

እንደገና ስንነሣ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች እያየ ይተች ጀመር፤ ይኼ ጭነቱ አጋድሏል፣ ያኛው ርቀት አልጠበቀም። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ።

"ፍሬን ታበዣለሽ፣ ቀድመሽ እግርሽን ከነዳጁ ላይ አንሺ" አለኝ።

"እሺ አባዬ" አልኩት፤ ስድስት ዓመት በሽተኛ ጭኜ የነዳሁ ሰው።

የዴይተኑ የአባቴ አጎት ልጅ ቤት መግቢያ ላይ የባለቤቴ ስጋት ደረሰ፤ የመኪናዋ ሆድ የድራይቭዌዩን ጠርዝ ፋቀ። ባለቤቴ ከመኪናዋ ወረደ። ከጋራዡ ሁለት ሳንቃ አምጥቶ አነጠፈና እጁን እያወዛወዘ አስገባኝ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን መብራት መምጣቱን ቴክስት አደረገችልኝ። ለአባቴ ስነግረው ከአጎቱ ልጅ ጋር ካርታ እየተጫወተ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ። እያሸነፈ ነበርና አንድ ቀን ጨመርን።