በአባቴ ላይ የሰጠሁት ቃል

ባለፈው ሳምንት ከእኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሚኖር ሰው ፖሊሶች ሽጉጥ ወሰዱበት። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሽንኩርት ሲያቁላላ እንኳ አምስት ቤት ያውቃል። ሰውየው ማንንም አልመታም፣ አልተኮሰም። ሰሞኑን ሁኔታው አላማረኝም ብላ ሄዳ ያመለከተችው ሚስቱ ናት አሉ። ፖሊሶቹ በደረጃው ሲወርዱ ሥራ የፈታ ነዋሪ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ በየኮሪደሩ ተደርድሮ ያያል።

“ፈቃድ ያለው ሰው አይደል እንዴ? ገና ለገና ያደርጋል ተብሎ ንብረቱን ይቀማል?” አለ አንዱ ጎልማሳ።

“ካደረገ በኋላማ መጥተው ምን ሊለቅሙ ነው?” አለችው ጎረቤቴ፣ የልብስ ማጠቢያ ባልዲዋን እንደያዘች።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና ክርክር በተነሳ ቁጥር ዳኛ ያደርጉኛል። እኔ ግን ራሴን አሞኛል ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ምሳም አልበላሁ። ብቻዬን ስለምኖር ለምን አልበላሽም የሚለኝ የለም፤ ይኸም አንድ ነፃነት ነው እንግዲህ።

የእኛ ቤት ነገር የሆነ ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀራንዮም የዛሬው ቀራንዮ አልነበረም። አስፋልቱ ገና ሩቅ ላይ ያልቃል። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤታችን ግማሽ ሰዓት በእግር ነው፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጫማን በእጅ ይዞ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ያለው ሁሉ የገብስና የባቄላ ማሳ ነበር። መስከረም ላይ የባቄላው አበባ ሽታ ቤታችን ድረስ ይገባል፣ እሸቱ ሲደርስም ከማሳው ባለቤት ገዝተን እየፈለፈልን እንበላ ነበር። የዛሬ ልጆች ባቄላ ፌስታል ውስጥ የሚበቅል ይመስላቸዋል መሰለኝ!

እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች በቤቱ ውስጥ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ ደምሴና አባቴ ነበርን። አባቴን ሰፈሩ ባሻ አያሌው ይለዋል። ከጎጃም የመጣ፣ በጉብዝናው ወታደር የነበረ፣ በኋላ በዱቄት ፋብሪካ ዘበኝነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፈቃድ ያለው ምንሽር ነበረው። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ቅዳሜ ቅዳሜ እያወረደ በዘይት ይወለውለዋል። ወንድሜን አተኳኮስ ያስተማረው በዚያው ምንሽር ነበር። ዘመቻው ሲመጣም “ሂድ፣ እኔም ሄጃለሁ” ብሎ የላከው እሱ ነው።

ደምሴ አልተመለሰም። መርዶው የመጣው በነሐሴ ነበር፤ ድንኳኑ ላይ ዝናቡ እየወረደ የአልቃሽ ድምፅ እንኳ አይሰማም። አባቴ በለቅሶው ላይ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰም። “ወታደር አይደል፣ ጠንካራ ነው” አሉ ለቀስተኞቹ። እኔም አመንኳቸው፣ ሞኝ ነበርኩ።

ሰው ከተበተነ በኋላ አባቴ ማውራት አቆመ። ያቀረብኩለትን ሽሮ ሁለቴ ቀምሶ ይተወዋል። መስከረም ሲጠባ ደህናውን ጋቢውን ለአቶ ጉደታ ሰጠ። አቶ ጉደታ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችንና የልብ ወዳጁ ነበሩ።

“አባባ፣ ብርዱ ሲመጣ ምን ልትለብስ ነው?” አልኩት።

“ብርዱ እስኪመጣ ማን አለ ብለሽ” አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ግን ምን ይባላል? ለማን ይነገራል?

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ “ዛሬ አክስትሽ ዘንድ ሂጂና እዚያው እደሪ” አለኝ። አክስቴ ጥሩነሽ አጠና ተራ ነበር የምትኖረው። ልብሴን ቀይሬ ወጣሁ። ፌርማታው ላይ ደርሼ አውቶቡሱ እየመጣ ሳለ እግሬ እንቢ አለ። አውቶቡሱን ትቼ በመጣሁበት መንገድ መሮጥ ጀመርኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ምንሽሩ ጉልበቱ ላይ ነው። ቅዳሜ አልነበረም። ዘይትም የመወልወያ ጨርቅም አጠገቡ አልነበረም። በልጁ ለቅሶ ላይ ያላፈሰሰው እንባ ያን ቀን ፊቱን አርሶት አየሁ።

“ለምን ተመለስሽ?” አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

“ዣንጥላ ረስቼ።”

ውጭው ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። አባቴ ይህን እያወቀ “እሺ፣ ውሰጂ” አለኝ። ተነስቶም ምንሽሩን ቦታው ላይ ሰቀለው። እኔ ዣንጥላዬን ይዤ፣ አሁን እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁና አጥሩ ጥግ ቆምኩ። ነገ ሌላ ሰበብ ፈልጎ እንደሚልከኝ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ደጅ ላይ ዘብ ልቆም አልችልም።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ሃምሳ አለቃ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። አባቴን በዝና ያውቀዋል።

“መሣሪያውን ውሰዱልኝ” አልኩት።

“ፈቃድ የለውም?”

“አለው።”

“ሰው ላይ ደቅኗል?”

“አልደቀነም።”

“ዝቷል? ከሰው ተጣልቷል? ሰክሮ ተኩሷል?”

“ኧረ አባቴ አይጠጣም።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እህቴ፣ እንግዲያ ምን ብዬ ነው የምወስድበት? ገና ምንም ያላደረገን ሰው መሣሪያ ስቀማ ነገ እኔ እጠየቃለሁ። ማንን ሊገድል ነው?”

ማንን ሊገድል ነው። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ነው። ግን ያን ቃል በእኛ ሰፈር ማውጣት ምን እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ራሱን ሊያጠፋ ነበር የተባለ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በሳንባ ምች ቢሞት እንኳ ይጠረጠራል። ካህናቱ ፍትሐት ለመፍታት ይጠይቃሉ፣ ይመረምራሉ፣ ሰዉ ይንሾካሾካል። እናቴ በተቀበረችበት ግቢ የማይቀበር ቢሆንስ? አባቴ እንደሆነ ከሞት የበለጠ ይህን ይፈራል። እኔም እንደሱው ነበርኩ። ዛሬ የንስሐ አባቶች ነገሩን በርኅራኄ እንደሚያዩት ሰምቻለሁ፤ ያኔ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ተነስቼ እስከ በሩ ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩና “እኔን” አልኩት። “እኔን ሊገድለኝ ነው። ዝቶብኛል።”

ቃሌን ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ።

ዕለቱን ከቀትር በኋላ ሃምሳ አለቃው ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ወጣ። አባቴ ደጅ ላይ ቆሞ “ማን ከሰሰኝ?” አለ።

“ልጅዎ ናት፣ ባሻ። ሊገድለኝ ዝቶብኛል ብላ ቃሏን ሰጥታለች።”

አባቴ አየኝ። ከአጥሩ በኩል የሴቶች “እግዚኦ!” ተሰማ። አላስተባበለም፤ ገብቶ ምንሽሩንና ጥይቶቹን አወጣና በገዛ እጁ አስረከበ። እኔ ያን ቀን ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ገብቶ ተኛ።

የኛ ሰፈር ሰው ደግ ነው፣ ደግነቱ ሊያጠፋን ምንም አልቀረው። ኅዳር ላይ አቶ ጉደታ ሽማግሌ ሰብስበው እኔንና አባቴን ቤታቸው አስጠሩን። ዳቦ ተቆርሷል፣ ጠላ ቀርቧል። ነገሩን ተነጋግረው ጨርሰውታል፤ እኔ የአባቴን ጉልበት ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመርቀኛል፣ ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው ፈርመው ምንሽሩን ያስመልሱለታል። ጣቢያውም ዋስ ካለ እንመልሳለን ብሏል አሉ። መሣሪያው ያልተመለሰለት ሰው በእነሱ ዓይን እንደተዋረደ ይቀራል፤ ምንሽሩ ሳይሰቀል ዕርቁ ዕርቅ አይሆንም።

“ልጄ፣ አባትሽ ባዶ ግድግዳ እያየ እንዲያረጅ አንፈቅድም” አሉኝ አቶ ጉደታ። “ብስጭት ነው ያናገረው። እኛ ዋስ ነን።”

አይሆንም ብል ለምን ይሉኛል፤ ለምን ብለው ከጠየቁኝ እውነቱን ልናገር ነው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ምንሽሩ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀላል።

“ባሻ፣ መቼም የአባት አፍ ነው እንጂ ልብህ አልነበረም አይደል?” አሉት አቶ ጉደታ፣ እየሳቁ ሊያቀሉለት።

አባቴ ቀና አለ። የሚያየው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር።

“ልቤ ነው” አለ። “እገድላታለሁ ብያለሁ። ከተመለሰልኝ አሁንም አደርገዋለሁ። እንዳትመልሱልኝ።”

አቶ ጉደታ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። “ተው፣ ተው ባሻ! የደምሴን እህት? የቀረችህን አንዲት ልጅ?”

“ብያለሁ።”

በዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ውሸቴን ከእጄ ተቀብሎ በራሱ ላይ ጫነው። ለምን እንዳደረገው ተረድቻለሁ፤ እኔን ከውሸታምነት፣ ራሱን ከምንሽሩ አዳነ። ሽማግሌዎቹ ግን ያዩት ልጁን ሊገድል የሚፈልግ አረመኔ ነው። ዋስ የሆነ የለም። ምንሽሩም እንደወጣ ቀረ።

እኔ እሱ ቤት እንዳላድር ተወሰነ፤ ሞት የተዛተባት ልጅ እንዴት ታድራለች? አክስቴ ዘንድ ገባሁ። አቶ ጉደታ ጋቢውን በልጅ እጅ መለሱለት። ሌላው ቤተኛ ሁሉ በአጥሩ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ጀመር። አባቴ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ኖረ፤ ዐሥራ አራቱንም ዓመት ማዕዱን ብቻውን በላ። ሊገድላት ነበር የምትባለው እኔ እሑድ እሑድ ምግብ ይዤ ስመጣ ጎረቤት ከአጥሩ በላይ ይጠብቀኛል፣ እንዳይነካኝ። አባቴ ዕቃውን በር ላይ ተቀብሎኝ ባዶውን ይመልስልኛል። በኋላ በኋላ ሰው ሲሰለች መግባት ጀመርኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር ሞክሬ ነበር። “አባባ፣ ያን ዕለት እኔ…” ስል ከአፌ ነጠቀኝ።

“ሽሮው ጨው አንሶታል” አለ። ከዚያ አንድም ሳያስተርፍ በላው፣ እኔም እያየሁት አለቀስኩ። አባቴን አትርፌዋለሁ። አብሬው ግን መኖር አልቻልኩም፤ እሱን ከሰው ለይቼ ብቻውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህ ሐዘን ይሁን ጸጸት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በልብ ድካም አልጋው ላይ ሞተ። ፍትሐቱ አንድም ሳይጎድል ተፈታለት፣ ከእናቴ አጠገብም ተቀበረ። እኔ መሬት ላይ ስንከባለል ሴቶቹ “ይኸን ሁሉ አድርጎባትም ይቅር ብላዋለች” እያሉ አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀራንዮ አሮጊቶች ዘንድ ስሜ ይቅር ባይዋ ነው።

እንግዲህ ያ ሽጉጥ በተወሰደ ማግስት ነው፣ ቤት መቀመጥ አልሆንልኝ ሲል፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቀራንዮ የሄድኩት። ከድሮው ቤታችን አጥር ሥር የአቶ ጉደታን ባለቤት እማማ ደብረን አገኘኋቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል። በድምፄ ለዩኝ።

“ይቅር ባይዋ! አሁንም መቃብሩን ትጠይቂዋለሽ?” አሉኝ።

ሃምሳ አለቃው ያን ዕለት “ማንን?” ብሎ ሲጠይቀኝ “ራሱን” የሚለውን መልስ ያለ ፍርሃት ብነግረው ኖሮ፣ እሱም ይህ ይበቃል ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ፣ አባቴ ከነወዳጆቹ ያረጅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ይህን ነው። አጎንብሼ እጃቸውን ያዝኩ።

“እማማ፣ እኔ ይቅር ያልኩት ነገር የለም” አልኳቸው። “ዋሽቼ ነው። አባቴ እኔን ሊገድል አስቦ አያውቅም።”

እማማ ደብረ፣ መቃብሩ ወዳለበት በኩል ራሳቸውን ነቅንቀው እጄን ሳሙኝ።

“የተባረክሽ” አሉኝ። “አሁንም ትሸፍኚለታለሽ።”