በረዶውና የጎረቤታችን ገብስ

በረዶው የመጣው መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ቀየት ከተማ አስተማሪ ሆኜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ወላጆቼ ቤት እሄድ ነበር። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ። አባቴ፣ እናቴና እኔ በራፍ ላይ ቆመን እሸት የያዘው ገብሳችን ከጭቃ ሲደባለቅ አየን።

ሲያባራ ወርደን ማሳውን ዞርነው። በረዶው የእኛን ከዳር እስከ ዳር መትቶ ወሰኑ ላይ ቆሟል። ከወሰኑ ማዶ ያለው የጎረቤታችን ገብስ አንድ ዘለላ አልጎደለበትም።

ይህ ጎረቤት በማርያም ቀን የሚያርስ፣ ጾም የሚሽር፣ ቤተ ክርስቲያን ለቀብር ብቻ የሚመጣ ሰው ነው። አባቴ የንስሐ አባቱ ስለሆኑ ለዓመታት መክረውታል። በዚያው ሳምንት ሚስቱ ለምናቸው የእሱን ማሳ ጠበል ረጭተውለት ነበር። የረጩለት ከእኛ ማሳ የተረፈውን ጠበል ነው።

«የተረፈው ነበር የሚሻለው ማለት ነው» አለች እናቴ።

አባቴ ከጭቃው አንድ ዘለላ አንስተው በመዳፋቸው አሹት።

ሳይመሽ ጎረቤታችን የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ መጣ። ግባ ቢሉት እምቢ አለ።

«አባ፣ የእኔን ለምን እንደተወው አላውቅም። ምንም አላደረግሁም።»

«እሱንስ አውቃለሁ» አሉ አባቴ።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ተወው። ሲደርስልህ እጨድ።»

በማግስቱ አባቴ እንደ ወትሮው ቀደሱ። በስብከቱ ስለ በረዶው አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር፤ ስለ ሐሜት ሰበኩ። ወደ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ይሄ እንዴት ያለ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው?»

«አላውቅም።»

«ካህን አይደሉም እንዴ?»

«ካህን ነኝ፣ አንቺ ልጅ። አማካሪው አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ከከተማ የመጣው ካድሬ ስለ ምርት ዕድገት ሲናገር ቆይቶ ወደ አባቴ ዞረ።

«ቄሱ፣ ያ ሁሉ ጸሎትዎ የት ገባ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር፤ ገና አልመለሰልኝም» አሉ አባቴ። «አንተ ከሰማህ ንገረኝ።»

ገበሬው ለመሳቅ ሊቀ መንበሩን አየ። ሊቀ መንበሩ ካድሬውን አየ። ካድሬው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ምርት ዕድገት ተመለሰ። እኔ ግን አባቴን ይወስዷቸዋል ብዬ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ማንም አልመጣም። ለምን እንዳልመጡም አላውቅም።

መኸር ሲገባ ጎረቤታችን አህያውን ገብስ ጭኖ ደጃችን አራገፈ። ተመልሶ ሄዶ ደግሞ ጫነ። ምን ያህል እንደሚሰጠን አልተናገረም፤ እናቴ በኋላ ጎተራውን አይታ ከምርቱ እኩሌታው ሳይሆን አይቀርም አለች። ሊሄድ ሲል አባቴ መረቁት። እሱም «አባ፣ ጾሙን እንኳ አልችለውም» ብሎ አስቀድሞ አስታወቀ። እውነቱን ነው፤ እስኪሞት አልጾመም።

እራት ሲቀርብ እናቴ፣ «በማርያም ቀን የታረሰ ነው እኮ» አለች።

አባቴ ባርከው በሉ። እኛም በላን።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አባቴ አርጅተው ቅዳሴውን ለሌሎች ሲለቁ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ያን ዓመት አነሳሁባቸው።

«እውነት ያኔ አልተቆጡም ነበር?»

«በጣም ነው የተቆጣሁት» አሉ።

«ታዲያ አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም።»

«ለአንቺ ለምን እነግርሻለሁ? መቅደስ ገብቼ ለእሱ ለራሱ ነገርኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም።»

«እና?»

«በማግስቱም ሄድኩ። ሌላ ወዴት እሄዳለሁ፣ ልጄ?» አሉና ፀሐዩ ስለ ዞረ ወንበራቸውን እንድገፋላቸው ጠየቁኝ።