«መጡ» ወይስ «ሞቱ»

ኢብሮ በስደት አገሩ ሳምንቱን ሙሉ ሶዶ በሚባል የመጋዘን ሰፈር ውስጥ ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል ይከርምና የዕረፍት ቀኑን ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ከስፒከር ጋር ይታገላል። ማንም አላስገደደውም። የአበሻ ሙስሊሞቹ ጀማዓ ዴ ሞይን የምትባል ከተማ ላይ ለእሑድ ትምህርት አዳራሽ ሲከራይ «ስፒከሩን ለኔ ተዉት» ብሎ አፉን የከፈተው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወገቡ አላረፈም፣ ወቀሳውም አልቀረለትም።

የባሰው ባለፈው እሑድ ነው። ከጀማዓው ልጆች አንዷ የሆነችውን የሲድራን አያት፣ አጎቷ ከኤርፖርት በድብቅ ተቀብሎ ሊያስገርማት አመጣቸው። እሑድ እሑድ የሚያስተምሩት አዛውንት ሼኽ ዓብዱልፈታህ ማይኩን ያዙና «የሲድራ አያት መጡ!» ብለው አበሰሩ። ከኋላ የተሰማው ግን «ሞቱ» ነው። ሲድራ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ ሴቶቹ ተከተሉ። አያትየዋ በሩ ላይ ሻንጣቸውን ይዘው «ኧረ ማን ነው የሞተው?» ይላሉ።

ሁሉም ሲስቅ የጀማዓው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኑሪያ አልሳቀችም።

«ሼኹ ደክመዋል፤ የሚሉት አይለይም። ሶ፣ ሌላ ሰው እንፈልግ» አለች።

«ስፒከሩ ነው እኮ ኑሪያ! እሳቸው ምንም አልሆኑም። ለእሑድ አስተካክለዋለሁ» አለ ኢብሮ።

«ኦኬ። ካልሆነ ግን ሚቲንግ ኮል አደርጋለሁ፤ ኮሚቴው ይወስናል።»

ኢብሮ በዲቪ መጥቶ ማንንም በማያውቅበት ጊዜ ሳሎናቸው ውስጥ ያስተኙት እኚህ ሰው ናቸው። ያችን ማይክ ከነጠቋቸው ምን ይቀራቸዋል?

ጋራዡ ገብቶ የስፒከሩን ሣጥን ፈታ። ውስጡ ያለችው ክሮስኦቨር የራሱ ሥራ ናት፤ ድምፁን ለሁለት ታካፍላለች። ጥቅል ሽቦው ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ ዉፈር ያሳልፋል፣ ካፓሲተሩ ቀጭኑን ለትንሹ ትዊተር። ጣጣው ሁለቱ ድምፆች የሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው፤ እዚያ ሁለቱም አብረው ይጮኻሉ። ኢብሮ ሥርዓት የጠበቀ መስሎት ፕላስን ከፕላስ፣ ማይነስን ከማይነስ አገናኝቶ ነበር። እንዲህ ባለው ክሮስኦቨር ግን ድንበሩ ላይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ድምፁም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የጠፋው ደግሞ የት? ጠ እና ቀ የሚነክሱበት ቦታ ላይ! ጡ ንክሻዋን አጥታ ቱ ሆነች፣ መ በአዳራሹ ማስተጋባት ሞ ሆነች፣ በቃ፣ መጥተው የነበሩት ሴትዮ ሞቱ።

የትዊተሩን ፕላስና ማይነስ አቀያየረና «ጠጠር፣ ጣት፣ ቀጭን፣ መጡ» እያለ በማይኩ ሞከረ። ጥርት አለ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ድካሙ ግን ለደስታም ቦታ አልተወለት።

እሑድ ሼኹ ማይኩን ያዙ። ከላይ አውሮፕላን እያለፈ እንኳ የኋላው ረድፍ ፊደል በፊደል ይሰማል። ኢብሮ ኑሪያን «አየሽ?» በሚል ዓይን አያት።

ሼኹ ስለ ጎረቤት ሐቅ አስተማሩ። ጨረሱና እንደ አዲስ ያንኑ ጀመሩ፤ ያችኑ ታሪክ፣ በዚያው ቃል። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና ፈገግ አሉ።

«ልጆቼ፣ ዛሬ ላሳጥረው። ዘነቡ ምሳ ሳትበላ እየጠበቀችኝ ነው።»

ዘነቡ ባለቤታቸው ናቸው፤ ዓምና ይሄው ጀማዓ ነው የቀበራቸው። ኢብሮ አሁን ገባው። ለካ እስከ ዛሬ መርሳታቸውን ሲሸፍንላቸው የኖረው ያ የተበላሸ ስፒከር ነው! ስንት እሑድ እንዲህ እያሉ ሳይሰሙ እንደቀሩ ማን ያውቃል? ገመናቸውን በገዛ እጁ፣ ያውም ወገቡ እስኪቆረጥ ለፍቶ፣ አደባባይ አወጣው። ኑሪያ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ሚቲንግ የሚባለውን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ማይኩ ወደ ሌላ ሰው መሄዱ እንደማይቀር ሁሉም ገብቶታልና ማንሳትም አላስፈለገም።

ሼኹ ዱዓቸውን አድርሰው ወረዱና ቀጥታ ወደ ኢብሮ መጡ።

«አይ ኢብሮ፣ እጅህን ይባርከው! ዛሬስ ተሰማሁ መሰለኝ?»

«ተሰምተዋል አባባ።»

«ከኋላ ያሉትም?»

«እነሱም ሰምተዋል» አለ፤ ክንዳቸውንም ያዘ። «ይምጡ፣ ቤት ላድርስዎ።»