መደቡ ላይ ያልፈተንኩት ላፕቶፕ

ወሬው የደረሰኝ የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ ነው። እዚህ ጅዳ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የድምፅ መልእክት ነበር፤ የላከው ጌታቸው ነው። ጌታቸው ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ በነበርንበት የላፕቶፕ ሱቅ ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ጠጋኝ ነው።

«ኢክራም፣ እንዴት ነሽ እህቴ? አይ መይረም አርፈዋል። ትናንት ተቀበሩ። ዛሬ መምህርት ሰዓዳን ለማጽናናት ሄጄ ነበር። ‹ያ ቀረጻ እንኳ ቢተርፍልኝ› እያለች ታለቅሳለች...» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ውይ! ለካ አንቺ አታውቂም» አለ፤ መልእክቱም እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። «አይ» ማለት በእኛ በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። አይ መይረም ጎረቤቴን ሰዓዳን ያሳደጓት የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ በጀጎል ሠርግ ሲኖር ዚክሪ የሚባለውን መንፈሳዊ ዜማና የሙሽራ ዜማ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። ለጌታቸው ደወልኩለት። መናገር አልፈለገም፤ አጥብቄ ስይዘው ተናገረ። እኔ መርጬ ለሰዓዳ የሰጠኋት ስስ ላፕቶፕ፣ አይ መይረም እያዜሙ ሳለ ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ቀረጻውም አብሮ ጠፍቷል። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

እንዴት እንደዚያ ሆነ ለማለት፣ ወደ ሥራ ከገባሁበት ቀን መጀመር አለብኝ።

ከኮሌጅ በኮምፒዩተር ዲፕሎማ ይዤ የወጣሁት በዚያው ዓመት ነበር። የሱቁ ባለቤት ሐጂ ረመዳን ዲፕሎማዬን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። ከዚያ ዘንቢል አመጡ። ውስጡ አንድ ላፕቶፕ ከተቱ።

«ይህን ይዘሽ በጀጎል ውስጥ እስከ ፈረስ መጋላ ደርሰሽ ተመለሺ።»

«ለማን ላድርሰው ሐጂ?»

«ለማንም አይደለም። ትከሻሽ ምን እንደሚልሽ ንገሪኝ።»

ሄጄ ተመለስኩ። ሌላ ላፕቶፕ ከተቱልኝና እንደገና ላኩኝ። ሁለተኛው ስስ ነበር፤ ዘንቢሉ ባዶ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ቆሜ አየሁት። ላብ በላብ ሆኜ ስመለስ፣ «ሐጂ፣ ሚዛን የለንም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሚዛኑማ አለ። ሚዛኑ ግን ተሸክሞ አይሄድም፤ የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ጌታቸው ከጥገናው ጠረጴዛ ሆኖ፣ «እኔንማ ሦስት ጊዜ ነው የላኩኝ፤ ያውም በጾም» አለ። በዚያው ቀን ተቀጠርኩ። ሥራዬ ምዘና ነበር።

ምዘና ማለት እንዲህ ነው። አዲስ ዓይነት ላፕቶፕ ሲመጣ ሦስት ቀን ሳይፈተን መደርደሪያ ላይ አይወጣም። በመጀመሪያው ቀን አካሉን እናያለን፤ ማጠፊያው በአንድ ጣት ይከፈታል ወይ፣ በአንድ ጥጉ ሲያነሡት ይንጫጫል ወይ። ስሶቹ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ኪቦርዱ። እኔ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር የምጽፍበት፤ ለእናቴ የሚሆን አንድ ገጽ ደብዳቤ። የስሶቹ ቁልፍ ወደ ታች እምብዛም አይሰምጥም፤ ያልለመደ ጣት ፊደል ይዘላል። ያ ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ አላህ ይወቀው። እናቴ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ ስታነበው፣ «ይህን ሁሉ ስታስቢልኝ ቤት መጥተሽ ለምን አትነግሪኝም?» ብላ አሳቀችን።

በሁለተኛው ቀን ባትሪ። ሞልተን፣ ነቅለን፣ ቪዲዮ ከፍተን እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። የሸዋ በር ሱቆች መብራት ሲጠፋ ያማርራሉ፤ ሐጂ ግን እጃቸውን አፋትገው፣ «በሉ፣ ፈታኙ መጣ» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሙቀት። አንድ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠርተን መዳፋችንን ከሥሩ እናስገባለን። መዳፍ የሚታገሠው ከሆነ ያልፋል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ባንኮኒው መስታወት ላይ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ደንበኛ ሲመጣ ሐጂ ሦስት ጥያቄ አስጠይቀውኝ በደብተር ያስጽፉኝ ነበር። ማን ይይዘዋል? ምን ይሠራበታል? የት ይቀመጣል? መልሱ ሳይጻፍ ዋጋ አይነገርም።

አንድ ቀን ኦቦ አህመድ የሚባሉ ገበሬ ዩኒቨርሲቲ የደረሳት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ስሱን አወጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ይሄ ምኑ ነው የሚገዛው? ውስጡ ባዶ ነው እኮ!»

«ኦቦ፣ ቀላል የሆነው ለልጅቷ እንዲመቻት ነው። በየቀኑ ተሸክማው ነው የምትውለው።»

«የእኔ ልጅ ውኃ ተሸክማ ያደገች ናት። ያንን ወፍራሙን አምጪልኝ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ዘንቢሉን ለኦቦ አህመድ አንጠለጠሉላቸውና ወፍራሙን ከተቱላቸው። «እስከ ፈረስ መጋላ ደርሰው ይመለሱ፤ እኛ እዚሁ ነን» አሏቸው። ሰውየው ሄዱ። ሲመለሱ ግንባራቸውን እየጠረጉ፣ «ስሱን ስጧት፤ ውኃስ ቢሆን ቤት ሲደርስ ይወርዳል» አሉ። ልጅቷ ዛሬ አስተማሪ ናት።

ስሱ ግን ለሁሉም አልነበረም። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ቀሚስ የምትሰፋ ደንበኛችን፣ የልብስ ሞዴል ለደንበኞቿ ለማሳየት አንድ የሚያብረቀርቅ ስስ ላፕቶፕ ገዛች። በማግስቱ ይዛው ተመለሰች። «አቦ ኢክራም፣ መስተዋት ነው እንዴ የሸጥሽልኝ? ደጅ ላይ ስከፍተው የማየው የራሴን ፊት ነው። ሙሽሪት ቀሚስ ልትመርጥ መጥታ ኩሏን አስተካክላበት ሄደች!» አለችኝ። የምትሠራው ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ነበር። ስክሪኑ የማያብረቀርቅ ቀየርንላት። ከዚያ ወዲህ የደጃፍ ሰው ሲመጣ ላፕቶፑን ከሱቅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሳየው ነበር። አንድ የቀበሌ ጸሐፊ ደግሞ የወደደው ስስ ዕቃ ለፕሪንተር፣ ለፍላሽና ለማውስ ሦስት ማስገቢያ የለውም፤ ያለው ሁለት ብቻ ነው። «አንዱን ስሰካ አንዱን ልነቅል ነው?» አለ። ወፍራሙን ወሰደ፤ ልክ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ሰው «ኢክራም ያየችውን ውሰድ» ይል ጀመር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ አስተግፊሩላህ፣ ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

መምህርት ሰዓዳ የመጣችው ወደ ጅዳ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ጎረቤቴ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው።

«አይ መይረምን ልቀዳቸው ነው» አለችኝ። «ያን ረጅሙን፣ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚሉትን። ከእሳቸው ሌላ ሙሉውን የሚያውቅ የለም። ማይክራፎን ከትምህርት ቤት ተውሻለሁ። ፋኑ የማይጮህ ላፕቶፕ ምረጪልኝ፤ ድምፃቸው ላይ ንፋስ እንዳይገባ።»

ያ ዜማ በእኔም ሠርግ ተዜሞልኛል። በሰዓዳ ጥያቄ ልቤ ሞቀ። ሦስት ዓይነት ላፕቶፕ ደርድሬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከሁሉም ጸጥ ያለው አንድ ስስ ግራጫ ላፕቶፕ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ አሠራሁት፤ ድምፁ አይሰማም፤ መዳፌንም አላቃጠለውም። ጌታቸው ከሥሩ ያሉትን ቀዳዳዎች በብዕር እየነካ፣ «ይሄ ከሆዱ ነው የሚተነፍሰው» አለ። ሰማሁት። ደብተሩን ከፍቼ ጻፍኩ። ማን ይይዘዋል? መምህርት ሰዓዳ። ምን ይሠራበታል? ድምፅ ቀረጻ። የት ይቀመጣል?

«የት ነው የምታስቀምጪው?» አልኳት።

«ቤት ነዋ!» አለች።

«ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። በሰዓዳ ቤት ጠረጴዛ የለም። በእኛም ቤት አልነበረም። በጀጎል ቤት የሚቀመጠው መደብ ላይ ነው፤ ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትራስ ተደግፎ። በዚያ መደብ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ተቀምጬ በልቻለሁ። ለደጃፍ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ፈትኜ፣ ለገዛ ጎረቤቴ መስታወት ላይ ፈተንኩ።

ጌታቸው የነገረኝ ይህ ነው። እኔ ከሄድኩ ከአንድ ወር በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ አይ መይረም ስድስት ሴቶች ተቀባይ ይዘው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ላፕቶፑ ምንጣፉ ላይ ተደረገ። ማዜም ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ትንፋሽ ያጣው ፋን መጮህ ጀመረ። ሰዓዳ ልታቋርጣቸው አፈረች፤ አይ መይረም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ጩኸቱ ድምፃቸውን እንዳያበላሽ ብላ ሻርፗን አውልቃ አለበሰችው። ጩኸቱ ታፈነ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። መጨረሻው ላይ ሊደርሱ ሲሉ ላፕቶፑ ከሙቀቱ ብዛት ድርግም ብሎ ጠፋ።

አይ መይረም ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ምነው፣ ደከመው?» ብለው አሳቋቸው ይባላል።

ጌታቸው ሦስት ቀን ታገለ። ፋይሉ አለ፤ ግን አልከፈት አለ። «ሌላ ጊዜ እንደግመዋለን» ተባለ። ከዚያ የረመዳን ጾም ገባ፣ ከዚያ አይ መይረም ሳል ያዛቸው፣ ከሳሉ በኋላ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሰዓዳ ሱቅ መጥታ ለጌታቸውና ለሐጂ፣ «ለኢክራም እንዳትነግሯት፤ በሰው አገር ሆና ትብሰለሰላለች» ብላ አስምላቸው ነበር።

ትናንት ለሰዓዳ ደወልኩ። መጀመሪያ ተላቀስን። ከዚያ «ሐላል በይኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ሻርፑን ያለበሰችውም ሐላል በይኝ ትላለች፤ ጌታቸውም ይላል፤ አሁን ደግሞ አንቺ» አለች። «ሁላችሁንም ሐላል ብያለሁ። ግን ኢክራም፣ ሐላል ስላልኩ ድምፃቸው አይመለስልኝም።»

ለሐጂም ደወልኩላቸው። አርጅተዋል፤ ሱቁን አሁን የሚይዘው ጌታቸው ነው። «ጥፋቱ የኔም ነው ልጄ» አሉኝ። «ዘንቢል ይዘሽ እንድትሄጂ አስተማርኩሽ፤ ምንጣፍ አላመጣሁልሽም።» ጌታቸው ባንኮኒው ላይ አንድ ቁራጭ ምንጣፍ አንጥፏል፤ ስስ ላፕቶፕ ሁሉ ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት እዚያ ላይ ይውላል። እኔም እዚህ ክፍል ያሉትን ሃያ ላፕቶፖች ዛሬ ጠዋት በየተራ መስገጃዬ ላይ አስቀምጬ ፈተንኳቸው። አራቱ መዳፌን አቃጠሉኝ።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። ላፕቶፕ የሚመዘነው ገዢው በሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ነው። «ቤት» መልስ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ምን ላይ ብላችሁ ጠይቁ።

የቀረው ልመናዬ ደግሞ በዚያ ዓርብ እዚያ መደብ ላይ ለነበራችሁት ለስድስታችሁ ነው። ስማችሁን አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። አይ መይረም ያወጡትን የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ። ሙሉውን አናውቅም ብላችሁ እንዳትተዉት። አንዷ መጀመሪያውን፣ አንዷ መካከሉን፣ አንዷ አንድ ስንኝ ብቻ ብታስታውስ፣ በስልኳ ቀድታ ለሰዓዳ ትላክላት። እኔ ከሠርጌ የቀሩኝን ሁለት ስንኞች ልኬላታለሁ፤ ድምፄ ባያምርም። ሻርፑን ያለበስሽው እህቴ፣ አንቺ ከሁሉም በፊት ላኪ፤ ከአጠገባቸው የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ከሁሉም ቀርበሽ የሰማሽውም አንቺ ነሽ።

ስትቀዱ ስልኩን በእጃችሁ ያዙት። ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት።