ቀጭን ጣት

አሜሪካ፣ ሮዝቪል አንድ ሱቅ ውስጥ ልጄ የህንድ የጥጥ ምንጣፍ ዘረጋችና «ማሚ፣ በእጅ የተሠራ ነው፣ ሉክ፣ እዪው!» አለችኝ። ጎንበስ ስል የጥጡና የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

እናቴ አዲስ አበባ ምንጣፍ የሚሠራበት ቤት ስትወስደኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ እትዬ ብርቄ ቀጫጭን ጣቶቼን አገላብጠው አዩና «ይቺማ ለክር የተፈጠረች ናት! ፊደሉን ለሰነፍ ተይው፣ የኔ ልጅ» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ድሩ ጣቴን ቆርጦኝ ደሜ ሲንጠባጠብ «ቀዩ ክር ላይ ነው፣ አይታይም፤ ጠቅጥቂው» አሉኝ።

ልጄ ምንጣፉን እየጠቀለለች «ኮሌጁን ኩዊት ላደርግ ነው። ዕቃ የማሽግበት ዌርሃውስ እጅሽ ፈጣን ነው ብለውኛል» አለች፤ ፊቷ በርቷል።

ፍርሃት ያዘኝ። ሰው ለምን አልተማርሽም ብሎ ሲጠይቀኝ ከትምህርት ያስቀረችኝ እናቴ ናት እላለሁ። ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነው የቀረሁት።